ለገና ሊድሩኝ ነው

አይካ ዛንዚባር የመጣችው ኤሊ ለማየት አይደለም። ቅርንፉድ ለማሽተትም፣ ነጭ አሸዋ ላይ በባዶ እግሯ ለመንሸራሸርም አይደለም። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ታደርገዋለች፤ የመጣችው ግን ለዛካሪያ አንድ ነገር ልትነግረው ነው። ነገሩ አጭር ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ለገና ወደ ኪሊማንጃሮ ስትወጣ ቤተሰቦቿ ለቴሙ ልጅ ሊድሯት ነው። የቴሙ ቤተሰብ ነዳጅ ማደያ አለው። የላኩትን የሙዝ ጠላ አጎቷ ተቀብሎ ቀምሷል፤ በተራራው ሰዎች ዘንድ ደግሞ ጠላው ከተቀመሰ ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። አይካ የምትፈልገው ዛካሪያ ይህን ሰምቶ «አይሆንም» እንዲላት ብቻ ነበር። ካለ፣ አባቷ ፊት ቆማ የምትናገረው ነገር ታገኛለች። ካላለ አንገቷን ደፍታ ትዳራለች፤ ለማይፈልጋት ወንድ ብላ ከቤተሰቧ አትጣላም።

ቀላል ይመስላል። ችግሩ እሷ ቻጋ፣ እሱ ደግሞ ፓሬ መሆናቸው ነው።

ይህን የሰማ ሰው የጎሳ ጠብ ሊመስለው ይችላል። ጠብ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ጠብ ሽማግሌ ይፈታዋል። በቻጋና በፓሬ መካከል ያለው ኡታኒ የሚሉት የመቀላለድ ወግ ነው። ሲገናኙ ይሰዳደባሉ፣ ይፎጋገራሉ፣ አንዱ የሌላውን ሳህን ነጥቆ ይበላል፤ ሳይሰዳደቡ ቢውሉ ነው ሰው «ምን ሆናችሁ?» ብሎ የሚጠይቃቸው። ቻጋው ፓሬውን «በአንዲት ዶሮ እስከ ሰበር ችሎት የምትከራከር» ይለዋል። ፓሬው ቻጋውን «ለአክስትህ ገዢ ብታገኝ የምትሸጣት» ይለዋል። ሠርግም ቢሆን ለቅሶም ቢሆን አይቀርም።

የተዋወቁትም ለቅሶ ላይ ነው። ዛካሪያ ዳሬሰላም ውስጥ ፍሪጅ ይጠግናል፤ የሚሠራበት ሱቅ ከአይካ አባት የጭነት መኪናዎች ቢሮ ፊት ለፊት ነው። አባቱ ሲሞቱ የሰፈሩ ሰው አውቶቡስ ተከራይቶ ወደ ፓሬ ተራሮች ወጣ። ቻጋዎቹም የኡታኒ ወጋቸውን ሊያደርሱ አብረው ሄዱ። አይካ የሟቹን ኮትና ባርኔጣ ለብሳ፣ ከዘራቸውን ይዛ፣ እየሳለች ከጓዳ ወጣችና «እኔ ዞር ሳልል ዶሮዬን ያረደው ማነው? እከሳለሁ!» ብላ ጮኸች። ለቀስተኛው በእንባው መሃል ተንከተከተ። ዛካሪያም አባቱ ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲለወጥበት ኮት ለባሿ ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብላ ዝም አለች። ፍቅራቸው ከዚያች ዝምታ ጀመረ። እንደ አለመታደል ሆኖ ከዚያ ወዲያ ዝም ብለው አያውቁም።

እኔ ቻጋም ፓሬም ስላልሆንኩ ለማናቸውም አላዳላም። ጥፋቱ የሁለቱም ነው።

*

ያን ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ዳርቻ ጀልባ ያዙ። አይካ ያደረችው ደሴቲቱ ላይ ካገባች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ቤት ነው፤ ዛካሪያ ደግሞ ወደቡ አጠገብ ካለች ርካሽ ማረፊያ። ጀልባውን የሚነዱት ምዜ ማካሜ የሚባሉ ጥርሳቸው የሳሳ ሽማግሌ ናቸው።

«ሺካሞ ምዜ» አሉ ሁለቱም፣ ለታላቅ እንደሚባለው።

«መራሃባ ልጆቼ» ብለው ተቀበሉ ሽማግሌው። «ግቡ፣ ግቡ። ባሕሩ ዛሬ ተኝቷል።»

«አንተ ፓሬ፣ ቀስ ብለህ ግባ» አለች አይካ ቀሚሷን ሰብስባ እየተቀመጠች። «ከተገለበጥን ባሕሩን ትከሰዋለህ፣ እኛም ምስክር ሆነን ስንመላለስ እድሜያችን ያልቃል።»

«ባሕሩ የቻጋ ቢሆን ኖሮማ ገና እግራችንን ሳንነክር ቲኬት ቆርጠሽልን ነበር።»

«አፍህን ዝጋ፣ ዓሣዎቹ ይደነግጣሉ።»

ምዜ ማካሜ ሞተሩን ሊያስነሱ የያዙትን ገመድ ለቀው ተራ በተራ አዩዋቸው። «ተጣልታችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት? ከተጣላችሁ ሌላ ቀን ይሁን። በእኔ ጀልባ ላይ ጥል አልወድም።»

«አይ ምዜ፣ እሷ ቻጋ ናት፣ እኔ ፓሬ ነኝ። ኡታኒ ነን።»

«እንዲህ በሉኝ እንጂ!» አሉና ሳቁ። ሞተሩም ተነሳ።

ከተማው ወደ ኋላ ቀረ። ቤተ መንግሥቱ፣ የመስጊዱ ሚናሬት፣ ዝገት የለበሱት ጣሪያዎች አንድ ላይ ተጠጋግተው አነሱ። አይካ ዓይኗን ከዚያ አንስታ ወደ ዛካሪያ ዞረች። ሌሊቱን ስታስብ ያደረችው እዚህ ልትነግረው ነበር፤ ውሃው መሃል መሄጃ የለም፣ እሱም ተነስቶ አይሄድም፣ እሷም ሐሳቧን ቀይራ አትወርድም።

«ስማ» አለችው።

«እየሰማሁ ነው። አልሰማም ብልስ መቼ ትለቂኛለሽ?»

«ለገና ሊድሩኝ ነው።»

ዛካሪያ ዞሮ አያት። ለቅጽበት ያህል እውነት ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ሐሳቡ ስለከበደው ወዲያው ገፋው። ሰው ሲፈራ የለመደው ቦታ ይሸሻል፤ እሱ የለመደው ደግሞ ቀልዱን ነው።

«ምስኪን!» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ሰውየው ያውቃል? ወይስ ድንገት ነው የምትወድቂበት?»

ምዜ ማካሜ እየሳቁ ጉልበታቸውን መቱ። «ድንገት ነው የምትወድቂበት አላት! እናንተ የዋናው ምድር ሰዎች!»

አይካም ሳቀች። መሳቅ አልነበረባትም። ግን ደህና ቀልድ ስትሰማ ከንፈሯ ፈቃድ አይጠይቅም፤ የቀልዱ ማረፊያ እሷ ብትሆንም እንኳ። ከሳቀች በኋላ ከፋት። ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች፣ እሱም ፀሐዩ የበዛባት መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ አናቷ ላይ አደረገላት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስከፋት፤ ባርኔጣ ከሚሰጣት አንዲት ቃል ቢሰጣት ይሻል ነበር።

*

ቻንጉ ደሴት ላይ ኤሊዎቹ በጥላው ሥር ተኝተዋል። ትልልቅ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፎ አዲስ መጪ ሁሉ ያነበዋል። ከሁሉም የሸመገለው ኤሊ ጎመን እስኪሰጡት ዓይኑን አይገልጥም።

«ይህ ፓሬ ነው» አለች አይካ። «የዶሮ ክሱ ይግባኝ ላይ ስለሆነ ሳይፈረድለት አልሞትም ብሎ ነው።»

«ተሳስተሻል። ቻጋ አግብቶ ነው። ሚስቱ ለገና አገሬ ደርሼ ልምጣ ብላው እንደወጣች ቀረች፤ እሱም ይኸው ይጠብቃል።»

ዛካሪያ ተንበርክኮ ለኤሊው ቅጠል አቀረበለት፣ በሌላ እጁ አንገቱን ያከው ጀመር። ኤሊው አንገቱን ቀስ እያለ አስረዘመ፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ዛካሪያ እጁ ሻካራ ነው፤ ጋዝና ሽቦ ሲነካካ ይውላል። ኤሊውን ግን ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ነበር የሚያከው። አይካ ከኋላው ቆማ ያን እጅ አየችው። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር ብላ አሰበች።

«ዝም ብለህ አንድ ነገር መልስልኝ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስለ እኔ ስታስብ ምን ታስባለህ?»

እጁ ቆመ። ዛካሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ከዳሬሰላም ሳይነሳ፣ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሆኖ፣ ለተከፈተ ፍሪጅ ሲናገረው የሰነበተው መልስ ነው። እንድታገቢኝ እፈልጋለሁ፤ አባትሽን እፈራለሁ፤ ቢሆንም እመጣለሁ፤ ይኸው ነበር። ይህን ለማለት ነበር እሱም እዚህ ድረስ የመጣው። አፉን ከፈተ። አይካም ከንፈሩን ተመለከተች።

«ከዚህ ኤሊ ጋር ብትሮጡ ማን ይቀድማል እያልኩ አስባለሁ» አለ።

ከአፉ ሲወጣ ራሱም ሰማው። ምላሱን ቢቆርጠው ደስ ባለው። እሷ ግን ዕዳዋን ወዲያው መለሰች፤ በኡታኒ መልስ ማሳደር አልለመደችም። «አንተን ሁለታችንም እንቀድምሃለን» አለችና ወደ ጀልባው መንገድ ጀመረች። ከኋላ ሲያዩዋት የምትቸኩል እንጂ ያዘነች አትመስልም ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ወደ ቅመም እርሻ ሄዱ። እዚያ የሚያስጎበኛቸው ሱሌ የሚባል ቀልጣፋ ሰው ነው፤ አንድ ቅጠል ይቀጠቅጥና «ገምቱ!» ይላል። አይካ ቀረፋውንም ቁንዶ በርበሬውንም አወቀች። ዛካሪያ ሁሉንም «የሎሚ ሳሙና» ነው ይላል። ዛፍ ላይ ያለ ቅርንፉድ አይተው አያውቁም ነበር፣ አረንጓዴውን እምቡጥ ሲነክሱት ምላሳቸው ደነዘዘ። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም መናገር አቃታቸውና እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ እንዲህ ደንዝዘን ብንቀር ምን ነበረበት ብላ አይካ ተመኘች።

ሱሌ እየሄደ በእጁ የዘንባባ ቅጠል ይሸርብ ነበር። ጉብኝቱ ሲያልቅ ለአይካ ዘውድ፣ ለዛካሪያ ክራባት አወጣለት። ክራባቱን አንገቱ ላይ እያሰረለት፣ «እነሆ ሙሽሮች!» አለ። «ሠርጉ መቼ ነበር? ወይስ ገና ነው?»

«ሠርጉ ለገና ነው» አለች አይካ። ዘውዱን አናቷ ላይ እንዳደረገች ቀጥ ብላ ቆማለች። «የማገባው ግን ይህን ሰው አይደለም። የቴሙ ልጅ የሚባል ሌላ ሰው ነው። አጎቴ ጠላውን ቀምሷል።»

ሱሌ እጁ አየር ላይ ቀረ። መሬት መሬት አየ። ዛካሪያን ለማየት አፈረ፣ እሷን ለማየት ፈራ።

ዛካሪያ ግን ሳቀ። «አትደንግጥ ወንድሜ፣ ኡታኒ ነን። እሷ ቻጋ ናት።»

«ኧረ በሕግ!» አለ ሱሌ ትንፋሹን እየለቀቀ። «ላቤ እኮ መጣ! እኔ ደግሞ የሰው ትዳር ያፈረስኩ መስሎኝ።»

«የቴሙን ልጅ ግን አውቀዋለሁ» አለ ዛካሪያ፤ ጨዋታው ሞቅ ብሎታል፣ ወይም ሞቅ ያለው ለመምሰል ይጣደፍ ነበር። «የማደያቸውን ፍሪጅ የጠገንኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ከኡታኒ ወገን ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ። እስቲ ስማ፣ ሱሌ!» የዛፍ ጉቶ ላይ ወጣና የዘንባባ ክራባቱን አስተካከለ። «ክቡራን እንግዶች! ሙሽራው ሆይ! ከልብ አዝንልሃለሁ። ይቺ ልጅ ስትዘፍን የሰፈሩ ውሾች ቤት ይቀይራሉ። መንገድ ስትሻገር የሚፈሩት መኪኖቹ ናቸው። ዓሣ ስትበላ ለድመት የሚተርፍ አይጠበቅም። ከሁሉም በላይ ግን እመክርሃለሁ፤ ማንጎ ስትበላ አትያት። ማንጎ ስትበላ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያን ጊዜ ያያት ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ማየት…»

እዚህ ላይ ድምፁ ሰበር አለ። አይካ ቀና ብላ አየችው።

«…አይችልም፤ ጭማቂው ዓይኑ ውስጥ ይገባልና!» ብሎ ጨረሰው።

ሱሌ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አይካ አልሳቀችም። ዘውዱን ቀስ ብላ አውልቃ ክንዷ ላይ አንጠለጠለችውና ደክሞኛል አለች። ሁለት ጊዜ ነግራዋለች። አንዴ ለብቻቸው ሊባል በሚችል ቦታ፣ አንዴ ስም ጠርታ በምስክር ፊት። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? ወደ ከተማ በሚመልሳቸው ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ የኮኮነት ዛፎቹን ስታይ፣ በሐሳቧ ዛካሪያን ተሰናበተችው። ስንብቱ ብዙም አላሳመማትም፤ ገና ስላልደረሰ ይሆናል።

ዛካሪያ ከአጠገቧ ሆኖ ሁለት ሦስት ቀልድ ጀመረ። አንዱንም አልመለሰችለትም። ያለ መልስ የቀረ ቀልድ አፉ ውስጥ መረረው፣ ለምን እንደሆነ ግን ለራሱም ለመንገር አልደፈረም። መፍራቱን ግን አውቋል።

*

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ፎሮዳኒ ደረሱ፤ ባሕሩ ዳር ያለው አደባባይ ማለት ነው። ሻጮቹ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ከሰላቸውን ያራግባሉ። ዓሣው፣ ሸርጣኑ፣ በስንጥር የተሰካው ሥጋ ተደርድሯል። ጎረምሶች ከግንቡ ላይ እየተንደረደሩ ባሕር ውስጥ ይዘላሉ፣ ሰውም ያጨበጭብላቸዋል። አይካና ዛካሪያ ግንቡ ላይ ተቀመጡ። ዝንጅብልና ሎሚ የገባበት የሸንኮራ ጭማቂ ገዝቶ ሰጣት። ተቀበለችው፣ አልቀመሰችውም።

«ዛካሪያ» አለችው።

በስሙ ጠርታው አታውቅም። ፓሬ ነው፣ ከሳሽ ነው፣ ንፍሮ በላ ነው፤ ዛካሪያ ብላው ግን አታውቅም። ልጁ ሳያስበው ከግንቡ ተነሳ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ያ እርሻው ላይ ያደረግከው ንግግር ጥሩ ነው። ለሠርጉ እሱኑ ድገመው። ከኡታኒ ማን ይምጣልሽ ብለው ጠይቀውኛል፣ አንተ እንደምትመጣ እነግራቸዋለሁ። የማንጎዋን ነገር ግን ተዋት።»

በድምጿ ውስጥ ምንም አልነበረም። ቁጣም፣ ሹፈትም፣ ልመናም የለም። ሰው የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ሲናገር እንዲህ ነው። ዛካሪያ ፊቷን አየው፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየው። ከዓይኗ በታች ያለው ጥቁረት የባሕር ድካም አልነበረም።

«እውነት ነው?» አለ።

«ጀልባው ላይ ነገርኩህ። እርሻው ላይ ነገርኩህ።»

«እየቀለድሽ መስሎኝ!»

«እኔ ደግሞ ሰምተህ የምትቀልድ መሰለኝ። ፊትህ አንዴ እንኳ ይለወጥ ይሆን ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳይህ ዋልኩ። አልተለወጠም።»

«ጠላው… አጎትሽ…»

«ቀምሶታል።»

«ጣፈጠው?»

አዎ፣ እንዲህ አለ። እኔም ስሰማ አላመንኩም፣ ግን ብሏል። ልቡ እየተቆረጠ፣ ምላሱ ግን የለመደችውን መንገድ ሄደች።

አይካ ጭማቂውን ግንቡ ላይ አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። «ደህና እደር» አለችና መሄድ ጀመረች። አልቸኮለችም። በጠረጴዛዎቹ መሃል፣ በጭሱ መሃል እያለፈች ራቀች።

«ቁሚ!» አለ ዛካሪያ።

አልቆመችም።

«ቁሚ አልኩሽ! ተናድጃለሁ!»

ድምፁ አደባባዩን ሞላው። ከባሕር የወጡት ጎረምሶች ሳይቀሩ ዞሩ። አይካ ቆመች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ በኡታኒ የሚቆጣ ሰው የለም። አባቱን ቢሰድቡት፣ በራቱ ላይ ቢቀመጡበት፣ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። የተቆጣ እንደሆነ መሳቂያ ነው፣ በሄደበት ሁሉ «ያ ቀልድ የማይችለው» ይባላል፤ ሲያረጅም አይረሳለትም። ፓሬ በቻጋ ፊት ተቆጣ ማለት በአደባባይ ልብሱን አወለቀ እንደ ማለት ነው።

«ተናድጃለሁ!» አለ ዛካሪያ ደግሞ። «በቴሙ ልጅ ተናድጃለሁ! ሰውየው ምንም አላደረገኝም፣ ፍሪጁን ስጠግን ሶዳ ጋብዞኛል፤ ቢሆንም ተናድጃለሁ! ባጎትሽ ተናድጃለሁ! በአባትሽ መኪናዎች ተናድጃለሁ፣ ከሱቄ ደጅ በተነሱ ቁጥር ጎማቸው እኔን የሚያክል መሆኑን እያየሁ ነው የምውለው! በአንቺም ተናድጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር እየሳቁ ይነገራል? እኔ ደንቆሮ ነኝ፣ እሺ፣ ጆሮዬን ይዘሽ አትጎትቺኝም ነበር? አይሆንም! አታገቢውም! እኔን ነው የምታገቢው!»

አይካ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። በጠረጴዛዎቹ ዙሪያ የነበረው ሰው መብላቱን ትቷል። ሥጋ ጠባሹ ማራገቢያውን እንደያዘ፣ «እህቴ፣ እባክሽ መልሺለት፤ ሥጋው አረረብኝ» አላት።

«ተናደድክ?» አለች አይካ።

«ተናደድኩ።»

«የእውነትህን?»

«አትቀልጂብኝ!»

«አልቀለድኩም» አለችና አለቀሰች። እዚያው ቆማ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ቀኑን ሙሉ ተሸክማው የዋለችው ነገር እንዲህ ከባድ መሆኑን ያወቀችው አሁን ሲወርድላት ነው። ዛካሪያ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሰው በሚያይበት አደባባይ ሊያቅፋት አይችልም፣ ስለዚህ ቦርሳዋን ተቀብሎ ያዘላት፤ በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘው።

ትንሽ ረጋ ስትል ስልኳን አወጣች።

«ለማን ነው?» አለ እየፈራ።

«ለአባቴ። አሁኑኑ ካልነገርኩት ሲነጋ ወኔዬ ይከዳኛል።»

አባቷ ምዜ ሌማ ስልኩን ወዲያው አነሱት። ሰላምታ ሰጠቻቸው፣ መረቋት፣ ደሴቱ እንዴት ነው አሏት። «አባባ» አለች ዓይኗን ጨፍና፣ «የቴሙን ልጅ አላገባም። የማገባው ሌላ ሰው አለ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ማነው እሱ?»

«ፓሬ ነው።»

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ፤ ዛካሪያ ከቆመበት ሆኖ የሚሰማው ዓይነት ሳቅ። «ፓሬ!» አሉ ምዜ ሌማ ትንፋሽ እያጠራቸው። «ኧረ ጉድ! በይ ንፍሮውን ይዞ ይምጣ! ከተጣላችሁ ግን ዳኛውን እኔ አልከፍልም! አንቺ ልጅ እኮ ልትገድይኝ ነው! ቆይ፣ ቆይ እናትሽን…» ከስልኩ ራቅ ብለው ሲጣሩ ተሰሙ፤ «ነይ ስሚ፣ ልጅሽ ፓሬ ላገባ ነው ትላለች!» የሴት ሳቅ ከሩቅ ተጨመረበት።

አይካ ዛካሪያን አየችው። እሱም አያት። ሁለቱም ያን ሳቅ ያውቁታል፤ ቀኑን ሙሉ ሲስቁት የዋሉት እሱን ነው። ከውጭ ሲሰሙት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ግን አሁን ገና አወቁ።

«አባባ» አለች።

ሳቁ አላቆመም።

«አባባ፣ እየቀለድኩ አይደለም። ኡታኒ አይደለም። እውነቴን ነው።»

ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። መጀመሪያ የእናትየው፣ ከዚያ የሳቸው። ምዜ ሌማ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ተሰማ። ዛካሪያ ስድብ ጠበቀ። አይካ ስልኩ ይዘጋል ብላ ጠበቀች፣ ጣቶቿ ደም እስኪያጡ አጥብቃ ያዘችው።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ አባቷ።

የኡታኒ ሰው አባት የለውም። ፓሬ ነው፣ አለቀ፤ ሰድበህ ትሸኘዋለህ። የማን ልጅ ነው ተብሎ የሚጠየቀው ለጋብቻ ደጅ ለሚጠና ሰው ነው። አይካ ስልኩን ለዛካሪያ ዘረጋችለት። እሱ እጁ በቦርሳዋ ተይዟል፤ ስለዚህ እሷው ጆሮው ላይ ደገፈችለት።

«ሺካሞ ምዜ» አለ ዛካሪያ።

የሰላምታው መልስ ዘገየ። ቢሆንም መጣ። «መራሃባ» አሉ ምዜ ሌማ፤ ድምፃቸው ደስታም ቁጣም አልነበረበትም። «ተናገር።»

አይካ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም። አንድ ቀልድ ብቻ፣ አንዲት ቃል ብቻ ቢያመልጠው ነገሩ ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል።

«ዛካሪያ እባላለሁ፣ የኤሊሁሩማ ምሻና ልጅ ነኝ» አለ። «ከቢሮዎ ፊት ለፊት ፍሪጅ እጠግናለሁ። ልጅዎን እወዳታለሁ።»

ይህን ቃል ለእሷ ለራሷ ብሏት አያውቅም ነበር። አይካ ለአባቷ ሲነገር ሰማችው፣ ስልኩን የያዘችበት ክንዷም ዛለ። ቢሆንም አላወረደችውም፤ ንግግሩ ገና አላለቀም ነበር።